ዜናው ሲያልቅ የሚጀምረው ወሬ፤ ስለ ሲክ ኖቲሲያስ

ዜና ድሮ ሰዓት ነበረው። የፖርቱጋል የመንግሥት ቴሌቪዥን፣ አርቴፔ፣ በ1957 መደበኛ ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕዝቡ የአገሩን ዋና ዋና ጉዳይ የሚሰማው ማታ፣ ገበታ ሲቀርብ ነበር። ከዜናው በኋላ የተፈጸመ ነገር እስከ ማግሥቱ ይጠብቃል። ይህን ልማድ የሻረው በጃንዩወሪ 8 ቀን 2001 ሥራውን የጀመረው ሲክ ኖቲሲያስ የተባለው የኬብል ጣቢያ ነው። ቀደም ሲል የሊዝበንን ከተማ ወሬ ለኬብል ደንበኞች ያደርስ የነበረውን ሲ.ኤን.ኤል የተባለ አነስተኛ ጣቢያ ተክቶ፣ ቀንና ሌሊት በፖርቱጋልኛ ዜና ለማቅረብ ተነሣ። ከሃያ ዓመት በላይ የዘለቀ ሥራ ሊመዘን ይገባዋልና፣ ጣቢያው ያንን ሁሉ ሰዓት በምን ሞላው ብለን እንጠይቅ።

የጣቢያው የዘር ሐረግ የሚያስከብር ነው። እናት ድርጅቱ ሲክ በ1992 የተቋቋመ የፖርቱጋል የመጀመሪያው የግል ቴሌቪዥን ሲሆን፣ መሥራቹ ፍራንሲስኮ ፒንቶ ባልሴማዎ በ1973፣ አምባገነኑ ሥርዓት ሳይወድቅና ሳንሱር ሳይነሣ፣ ኤክስፕሬሶ የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ የጀመሩ፣ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። ሲክን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመራው ኤሚዲዮ ራንዤል ደግሞ ቴ.ኤስ.ኤፍ ከተባለው የዜና ሬዲዮ የመጣ ነበር። ያ ሬዲዮ በ1988 የሊዝበን ሺያዶ ሠፈር በእሳት ሲጋይ ፕሮግራሙን አቋርጦ ከሥፍራው በመዘገብ ስም ያተረፈ ነው። ዜና ሰዓት አይጠብቅም፣ በተከሰተበት ቅጽበት ይነገራል የሚለው እምነት ወደ ቴሌቪዥኑ የተሻገረው ከዚያ ነው።

ይህ እምነት የተፈተነው ጣቢያው ገና ሁለት ወር ሳይሞላው ነበር። በማርች 4 ቀን 2001 ምሽት፣ በኤንትሬ ኦስ ሪዮስ በዶውሮ ወንዝ ላይ የተሠራው ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ድልድይ ተደረመሰ። አንድ አውቶቡስና ሦስት መኪኖች ወደ ደራሹ ወንዝ ወድቀው 59 ሰዎች አለቁ፤ የብዙዎቹ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሚኒስትር ዦርዤ ኮኤልዮ ሌሊቱ ሳይነጋ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የዜና ሰዓት እስኪደርስ መጠበቅ ለማይችለው ሐዘንተኛ ሕዝብ አዲሱ ጣቢያ ያን ጊዜ ጥቅሙን አስመሰከረ። ባለሥልጣን መግለጫ አዘጋጅቶ እስኪመጣ ድረስ ካሜራው ከወንዙ ዳር አልተነሣም።

ሆኖም የድልድዩ ታሪክ ሌላ ገጽም አለው። ምሰሶውን ካዳከሙት ምክንያቶች አንዱ ከወንዙ አልጋ ለዓመታት ሲዛቅ የኖረው አሸዋ መሆኑ በኋላ በምርመራ ተረጋገጠ። የአካባቢው ሰዎችም ስለ ድልድዩ ይዞታ ከአደጋው በፊት አቤት ብለው ነበር። «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶች። የአሸዋው ነገር ሥሩ ነበር፤ ካሜራው የደረሰው ግን ግንዱ ከወደቀ በኋላ ነው። በሁለት ወር ዕድሜ ላለ ጣቢያ ይህን እንደ በደል መቁጠር አይገባም። ግን ለወደፊቱ መለኪያ ሊሆነው ይገባ ነበር።

የሆነው ሌላ ነው። አሥር ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት አገር በየሰዓቱ አዲስ ነገር አትወልድም። ዘጋቢና የካሜራ ባለሙያን ወደ ሩቅ ወረዳ መላክ ነዳጅ፣ አበልና ቀናት ይጠይቃል። ሦስት ሰዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ማነጋገር ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው። ስለዚህ ዜናው ባለቀበት ላይ ወሬው ይጀምራል። ከዚህ ወሬ መካከል የሚመሰገን አለ፤ «ኦፒኒያዎ ፑብሊካ» የተባለው ፕሮግራም ተራውን ዜጋ በስልክ አስገብቶ ስለ ዕለቱ ጉዳይ ሐሳቡን እንዲናገር ማድረጉ መልካም ሥራ ነው። ከዚህ ጎን ግን የቤንፊካ፣ የፖርቶና የስፖርቲንግ ደጋፊዎች አንድ አንድ ሆነው የቅጣት ምት ተገቢ ነበር አልነበረም እያሉ ለረጅም ሰዓት የሚጨቃጨቁበት ፕሮግራም ለዓመታት ቀርቧል።

ጣቢያው የራሱን ሚዛን በአደባባይ ያሳየው በሴፕቴምበር 2007 ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ፔድሮ ሳንታና ሎፔስ ስለ ፓርቲያቸው የአመራር ምርጫ በስቱዲዮ ቀርበው ሲናገሩ ቃለ ምልልሱ በድንገት ተቋረጠ፤ ከቼልሲ የተሰናበተው አሠልጣኝ ዦዜ ሞሪንዮ ሊዝበን አውሮፕላን ማረፊያ መድረሱ በቀጥታ እንዲታይ ነበር። ሥርጭቱ ወደ ስቱዲዮ ሲመለስ እንግዳው ቅሬታቸውን ገልጸው ተነሥተው ሄዱ። ብዙዎች ሳቁባቸው፣ ብዙዎችም አጨበጨቡላቸው። ፖለቲከኛው ለራሳቸው ክብር መቆርቆራቸው አያጠያይቅም፤ ይሁን እንጂ የሠሩት ሥራ የጣቢያውን ሕመም በትክክል አመልክቷል። ከአውሮፕላን ማረፊያው የተላለፈው የቀጥታ ሥዕል አንድ ሰው መንገደኛ መሆኑን ከማሳየት ያለፈ ነገር አልነበረውም። «ቀጥታ» የሚለው ቃል ብቻውን ዜና ሆኖ ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የተንታኝ ወንበር ጉዳይ ነው። በድልድዩ ምክንያት ሥልጣን የለቀቁት ዦርዤ ኮኤልዮ ከዓመታት በኋላ «ኳድራቱራ ዶ ሲርኩሎ» በተባለው የዚያው ጣቢያ የውይይት ፕሮግራም ላይ ተንታኝ ሆነው ተቀመጡ። በዚሁ ፕሮግራም ላይ አንቶኒዮ ኮስታ የሊዝበን ከንቲባ ሳሉ ይቀርቡ ነበር፤ በ2015 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ነገሩ የአንድ ጣቢያ ብቻ አይደለም። ማርሴሎ ሬቤሎ ደ ሶዛ በሌሎች ጣቢያዎች ለዓመታት ሲተነትኑ ቆይተው በ2016 ለፕሬዚዳንትነት ተመረጡ። የቀኝ አክራሪው ሼጋ ፓርቲ መሪ አንድሬ ቬንቱራም በሕዝብ ዘንድ የታወቁት ሲ.ኤም.ቴቬ በተባለው ጣቢያ ስለ ቤንፊካ እግር ኳስ በመከራከር ነው። ተመልካቹ ትንታኔ የሚሰማ ሲመስለው የምርጫ ቅስቀሳ ይሰማል፤ ተጠያቂ መሆን የሚገባው ሰው ጠያቂውን ወንበር ይዟል። ይህ ደግሞ የስንፍና ውጤት ብቻ አይደለም። ሰዓቱን በርካሽ መሙላት ያስፈለገው ጣቢያና መታወቅ የፈለገው ፖለቲከኛ ጥቅማቸው ስለ ገጠመ የመጣ ነው።

ፉክክርም አላዳነውም። በ2004 አርቴፔ የራሱን የዜና ጣቢያ ከፈተ፤ በ2009 ቴቬኢ 24፣ በ2013 ሲ.ኤም.ቴቬ ተከተሉ። ቴቬኢ 24 በ2021 ሲ.ኤን.ኤን ፖርቱጋል ሆነ፤ በ2024 ደግሞ ናው የተባለ ሌላ ጣቢያ ተጨመረ። ጣቢያ ሲበዛ ወንበር በዛ እንጂ መንገድ ላይ የወጣ ዘጋቢ በዚያው መጠን አልበዛም።

በምሥራቅ አፍሪካ ለምንኖር አንባቢዎች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ ፖርቱጋልኛ የጎረቤታችን የሞዛምቢክ የመንግሥት ቋንቋ ነውና። ሲክ ኖቲሲያስ በሳተላይት እስከ ማፑቶና ሉዋንዳ ይደርሳል። በ2017፣ ሲክ ስለ አንጎላ ድህነትና ሙስና ዘገባዎችን ባቀረበበት ወቅት፣ የአንጎላ ፕሬዚዳንት ልጅ ኢዛቤል ዶስ ሳንቶስ ከባለቤቶቹ አንዷ የነበረችበት ዛፕ የተባለው የሳተላይት ድርጅት የሲክን ጣቢያዎች በአንጎላና በሞዛምቢክ ከደንበኞቹ አቋረጠ። ገንዘብና ሥልጣን የሚፈሩት የትኛውን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የተንታኝ ጭቅጭቅ ማንንም አያስደነግጥም፤ በእግሩ ሄዶ ያየ ዘጋቢ ግን ያስደነግጣል።

ስለዚህም ነው ጣቢያው በዚህ ሥራ አለመጽናቱ የሚቆጨው። በሰሜን ሞዛምቢክ በካቦ ዴልጋዶ ጥቃቱ የጀመረው በኦክቶበር 2017 ነው። የሊዝበን ስቱዲዮዎች እንደ ተቀረው ዓለም በሰፊው የተነጋገሩበት ግን በማርች 2021 የፈረንሳዩ ቶታል የጋዝ ሥራ ጎረቤት የሆነችው ፓልማ ስትጠቃ ነው። በመካከሉ ያሉት ሦስት ዓመት ተኩል በሰዓት ቢቆጠሩ ከሠላሳ ሺህ ይበልጣሉ። የመንግሥት ቋንቋው አንድ ነው። ጎድሎ የነበረው መንገደኛው ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ሁለት ገጽ አለው። ሲክ ኖቲሲያስ ለፖርቱጋልኛ ተናጋሪው የማያንቀላፋ ዓይን ሰጥቶታል፤ ከ2001 በፊት ወደነበረው የአንድ ምሽት ዜና መመለስ የሚመኝ ሰው የለም። ዓይኑ ግን ክፍት ሆኖ ሳለ ብዙውን ጊዜ የሚያየው የራሱን ጠረጴዛ ነው። ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም ቀንና ሌሊት የሚያሠራጩ የአማርኛ ጣቢያዎች ለበዙልን ለእኛም መለኪያው ያው ነው። ጣቢያው ስንት ሰዓት ተናገረ ከማለት ይልቅ፣ ድልድዩ ሳይወድቅ በፊት አሸዋው ወደሚዛቅበት ወንዝ ማንን ላከ ብለን እንጠይቀው።