ካሴት መሰብሰብ ከሽፋኑ ይጀምራል

የኮሪያ ዘፈን የሚከታተል የጎንደር ወጣት ፎቶካርድ ምን እንደሆነ አስረጂ አይፈልግም። አልበሙ ውስጥ ተሸጉጦ የሚመጣ፣ መታወቂያ የሚያህል የዘፋኝ ፎቶ ነው፤ ገዢው ከቡድኑ አባላት የማንኛቸው ፎቶ እንደሚደርሰው እሽጉን ሳይቀድ አያውቅም። ገርልስ ጄኔሬሽን የተባለው የሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 «ኦ!» በተሰኘው አልበሙ ካርዶቹን ካካተተ ወዲህ ልማዱ ተስፋፋ፤ ቢቲኤስ በ2020 ያወጣው «ማፕ ኦፍ ዘ ሶል፡ 7» ደግሞ ሙዚቃው አንድ ሆኖ ሳለ በአራት ዓይነት እሽግ ለገበያ ቀረበ። እዚያ ብርቁ ካርድ ብርቅ እንዲሆን ታስቦ ነው የሚታተመው፤ ምን ምን ዓይነት እንደወጣ አድናቂዎች በዝርዝር ስለሚይዙት ጀማሪውም የጎደለውን ለይቶ ይፈልጋል። የአገሩን ሙዚቃ ለመሰብሰብ የተነሣ ሰው ግን እንዲህ ያለ የሚያመሳክርበት ዝርዝር አይዘረጋለትም። በካሴት ዘመን ማን ምን አሳተመ፣ በየትኛው ሙዚቃ ቤት፣ በየትኛው ዓመት የሚለውን ራሱ እየለቀመ ማቆም አለበት። ስለዚህ በጎንደርም ሆነ ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወጣው ደጋ ካሴት መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ከድምፁ እኩል፣ እንዲያውም አስቀድሞ፣ ሽፋኑን ይፈልግ እላለሁ። የዘፈኑ ማንነት የተጻፈው እዚያች ታጥፋ በምትገባው ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቷ ከጠፋች ሰብሳቢው እጅ የሚቀረው ባለቤቱ ያልታወቀ ድምፅ ነው።

የብዙ ጀማሪ ዓይን ግን መጀመሪያ የሚያርፈው ሸክላ ላይ ነው፤ አይፈረድበትም። የሸክላችን ታሪክ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን አገር ካስቀረጹት ድምፅ ይነሣል። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ እሱ ግን ደፍሮ ገባበት፤ እስከ 1975 ድረስም 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። ይህን ቁጥር ዛሬ መጥራት የምንችለው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ዓመታት ፈጅቶ ስለመዘገበው፣ ከ1997 ጀምሮም «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራ ስላሳተመው ነው። እንግዲህ ሸክላው መዝጋቢውን አግኝቷል፤ ዋጋውም በውጭ አገር ገበያ ስለሚወሰን የጎንደር ተማሪ ወይም መምህር ሊደርስበት አይችልም። የአገር ውስጥ ሸክላ ኅትመት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ሲቆም ቦታውን የያዘው ካሴት ሲዲ እስኪመጣ ድረስ የሙዚቃችንን ገበያ ብቻውን ተሸክሟል። ታንጎ፣ ኤሌክትራ፣ አምባሰል፣ ማህሌት የሚባሉት ሙዚቃ ቤቶች ያሳተሙት ዛሬም በየቤቱ መሳቢያ፣ በየሻይ ቤቱ መደርደሪያ፣ በአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ውስጥ ይገኛል። ካሴት ርካሽ ነው፤ ዝርዝሩም ገና አልተሞላም። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሁኔታ አላውቅም።

ሽፋኑ ምን ይሰጣል ቢባል፣ ፊቱ ላይ የዘፋኙ ፎቶ አለ፤ ሕዝቡ የሚያውቀውም ይህን ገጽ ነው። ሰብሳቢውን የሚመግበው ግን ጀርባውና ውስጡ ነው፦ የዘፈኖቹ ርእስ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪው፣ አጃቢው ባንድ፣ የተቀረጸበት ስቱዲዮ፣ የአከፋፋዩ አድራሻ። ዓመተ ምሕረት ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ሲጻፍም በእኛ አቆጣጠር ነው። የውጭ አሳታሚዎች በራሳቸው ስለሚቆጥሩ ሁለቱን ያላስታረቀ ጀማሪ አንዱን ካሴት ሁለት አድርጎ ይመዘግባል። ዓመቱ ካልተጻፈ ደግሞ ስልኩ ይታይ። የአገሪቱ የስልክ ቁጥር የተለወጠው በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ስለሆነ፣ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት ባለስድስት አኀዝ ቁጥር ያተመበት ሽፋን ከዚያ በፊት የታተመ ነው። አጃቢው የአንድ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ከሆነ የደርግን ዘመን ያመለክታል፤ የጎንደር ፋሲለደስ፣ የጎጃም ግሽ ዓባይ፣ የወሎ ላሊበላ ኪነት የዚያ ጊዜ ስሞች ናቸው። እነዚህን ምልክቶች ከካሴቱ ክር ላይ ማንም አያነባቸውም።

አንዲት ካሴት ምን ልታደርግ እንደምትችል ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ባንዱ አሜሪካ በሄደበት እዚያው ቀርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንንና ኪቦርድን ያዋሃደ «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘ የሙዚቃ መሣሪያ አልበም ቀረጸ። ከብዙ ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትስ ካሴቱን ያገኘው ባሕር ዳር ነው። ሙዚቀኛውን አፈላልጎ ሲደርስበት የታክሲ ሹፌር ሆኖ እየሠራ ነበር፤ በ2013 አልበሙ እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ልብ ይበሉ፦ አልበሙ ዘፋኝ የሌለበት ነው። ያለ ስም ቢገኝ ኖሮ ማን እንደተጫወተው ከቃል ወይም ከግጥም መገመት አይቻልም ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ያ ካሴት በጎንደር ሰብሳቢ እጅ ቢገባ ኖሮ ተመሳሳይ ነገር ይከሰት ነበር ብዬ አልምልም። የእኛ ጉድለት ካሴት ማጣት ሆኖ አያውቅም፤ ያገኘነውን ጽፎ ለሌላው ማሳየት ነው ያቃተን።

ጀማሪ አገር ምድሩን ሁሉ ልሰብስብ ካለ በዓመቱ ይሰለቻል። ጠበብ ብሎ መጀመር ይሻላል፤ ለዚህ ደግሞ ጎንደር በቂ ነች። አስቴር አወቀ የተወለደችው እዚህ ነው፤ አሜሪካ ከመሄዷ በፊት አሊ አብደላ ካይፋ፣ በገበያ ስሙ አሊ ታንጎ፣ ያወጣላት ቀደምት ካሴቶች በውጭ ካሳተመቻቸው «አስቴር» እና «ካቡ» አልበሞች ይልቅ ተፈላጊ ናቸው። የይርጋ ዱባለ ቀረርቶና ፉከራ፣ የፋሲለደስ ኪነት ሥራዎች፣ ከዚያም በየጊዜው አዲስ አበባ ወርደው ያስቀረጹ የጎንደር አዝማሪዎች ካሴት ሲጨመር አንድ ሰው ለብዙ ዓመት የሚለቅመው አያጣም። በተለይ የአዝማሪው ካሴት ላይ ሽፋኑ ይወደዳል፤ ማሲንቆውን ይዞ የቆመው ሰው ስሙና ትውልድ ቀየው የተጻፈበት ብቸኛው ኅትመት ያ ወረቀት ሊሆን ይችላልና።

ዘፈኑ ሁሉ ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ፕላስቲክ ማጠራቀም ምን ይረባል የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ለማድመጥ ብቻ ከሆነ የተባለው ልክ ነው፤ ካሴት መግዛትም አያስፈልግም። ነገር ግን እዚያ የተጫነውን አንድ የቆየ ዘፈን ከፍቶ አጃቢውንና አቀናባሪውን የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዘፋኙን ስምና «ምርጥ የድሮ ሙዚቃ» የሚል ቃል ብቻ ያገኛል። የካሴቱ ቅደም ተከተል ፈርሷል፤ ፎቶው ከሌላ ዘመን የተወሰደ ነው፤ የግጥም ደራሲውም ተረስቷል። ይህን ሁሉ ማረም የሚችለው ሽፋኑን የያዘ ሰው ነው። ስለዚህ ሰብሳቢው የዩቲዩብ ተቀናቃኝ ሳይሆን አራሚው ነው ማለት ይቻላል፤ እርማቱን ለመጻፍ ከሰነፈ ግን ተቃዋሚዎቹ ረትተውታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። በደጋው ቤት ውስጥ የሚገኘው አብዛኛው ካሴት ኦርጅናል አይደለም፤ ከሌላ ካሴት የተገለበጠ፣ ሽፋኑም ቢኖር በፎቶ ኮፒ የተባዛ ወይም በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው። ሽፋን ማስረጃ ነው ከተባለ ይህ ሁሉ ሊጣል ነው? እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት። በገበያ የወጣ አልበም ግልባጭ ከሆነ፣ ኦርጅናሉ እስኪገኝ ይቆይ እንጂ ብዙ አይከፈልበት። ኅትመቱን አጉልቶ ማየት ይበቃል፤ ኦርጅናሉ ላይ ትናንሽ ፊደሎች ጥርት ብለው ይነበባሉ፤ ግልባጩ ላይ ይደፈናሉ፤ ፎቶው ይጠቁራል፤ ጠርዙም በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። በሠርግ፣ በክርስትና ወይም በጠጅ ቤት በቴፕ የተቀዳ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያ ካሴት መጀመሪያውኑ ኅትመት የለውም፤ ባለቤቱ በእጁ የጻፋት «የእገሌ ሠርግ» የምትል መስመር ሽፋኑ ናት፤ በዓለም ላይም አንድ ቅጂ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቡርባክስን ከመሰለ የአዝማሪ መንደር የመጣ ተጫዋች አንድ ምሽት ሙሉ የገጠመው ቅኔ ያለው እንዲህ ባለው ካሴት ላይ ነው። መስመሯ ካልተጻፈች ደግሞ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ጠይቆ መጻፍ ነው፤ ማን ተጫወተ፣ የት፣ ማን ዳረ።

ስለ አያያዝ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ የደጋው አየር ለሰብሳቢ ያደላ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች፣ ደባርቅም ከእሷ በጣም የምትበልጥ በመሆናቸው ቆላ ላይ ክርን የሚያበላሸው ሙቀት እዚህ የለም። ጠላቱ ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በጭቃ ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ሣጥን ይሻግታል፤ የሻገተ ካሴት ደግሞ ሳይጸዳ ከተጫወተ ሻጋታውን በማጫወቻው በኩል ለሌሎቹ ሁሉ ያስተላልፋል። የወጥ ቤት ጢስም ወረቀቱን ያጠቁራል። ካሴቱ እስከ ዳር ተጠቅልሎ፣ ቆሞ፣ ከድምፅ ማጉያ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ እላዩ እንዳይቀዳበት ከላይ ያሉት ሁለት ጥርሶች ይሰበሩ። የ90 ደቂቃው ክር ከ60ው የሳሳ ስለሆነ ደጋግሞ ማጠንጠን ይጎዳዋል፤ አስቀድሞ ወደ ኮምፒዩተር መቀዳት ያለበትም እሱ ነው። ሽፋኑን በፕላስቲክ ማሸግ፣ የተቀደደውን በስኮች መለጠፍ ክልክል ነው ብዬ ብደነግግ ደስ ይለኛል፤ ሙጫው እየቆየ ቀለሙን ይበላዋል፤ ታሽጎ የቆየ ወረቀት ደግሞ ሳይላጥ አይወጣም።

ሰብሳቢ ከገጠር ቤት ንብረት እያሟጠጠ ከተማ ያከማቻል የሚለው ወቀሳ ግን በከፊል ትክክል ነው። ለአሮጌ ካሴት ጥቂት ብር ሲሰጣቸው ደስ ብሏቸው የሚያስረክቡ ሰዎች ከዘፈኑ መካከል የሟች አባታቸው ድምፅ እንዳለበት የሚያስታውሱት ዘግይተው ነው። ወደ ውጭ አገር ለሄደ ልጅ በካሴት የተላከ መልእክት በዘፈን ካሴት ጀርባ ላይ ተቀድቶ መገኘቱም እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሲገኝ ለቤተሰቡ ይመለሳል፣ ለሌላ ሰውም አይሰማም። ሕጉም ሰብሳቢውን አይለቀውም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድምፅ ቅጂ አሳታሚው የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት ደግሞ በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ የአንድ አሮጌ ካሴት የአሳታሚው ጊዜ ቢያበቃም እንኳ ደራሲው ገና ባለመብት ሊሆን ይችላል፤ ገዝቼዋለሁ ብሎ ማሰራጨት አይቻልም። የተሻለው መንገድ ካሴቱን እዚያው ቀድቶ፣ ሽፋኑን ከፍቶ ዘርግቶ በሁለቱም ገጽ ፎቶ አንሥቶ፣ ኦርጅናሉን ከነቅጂው ለባለቤቱ መተው ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው መደርደሪያው ላይ ያለው ካሴት ጥቂት ሊሆን ይችላል። ጎብኚ ሲመጣ የሚያሳየው መዝገቡን ይሆናል፦ ርእስ፣ ዘፋኝ፣ አጃቢ፣ ሙዚቃ ቤት፣ የስልክ ቁጥሩ ስንት አኀዝ እንደሆነ፣ ካሴቱ በማን ቤት እንዳለ።