የሳም ሼፓርድ ተውኔቶችና የሲኒማ ሥራው

ቴያትር እየደረሰ በሲኒማ የሚጫወት ሰው ሲነሣ፥ ብዙዎች ከድርሰቱ ይልቅ መልኩን ያስታውሳሉ። የአሜሪካዊው የሳም ሼፓርድ ዕጣም ይኸው ሆኗል። እኛ ግን የሲኒማ ሥራው በሚገባ የሚመዘነው ተውኔቶቹ ሲነበቡ ነው እንላለን።

ሼፓርድ እ.ኤ.አ. በ1943 ተወለደ፤ በ1964 በኒው ዮርክ ትንንሽ መድረኮች ተውኔቶቹን ማሳየት ጀመረ፤ በ2017 ዐረፈ። በ1978 «የገነት ቀኖች» በተባለው ፊልም ባለጸጋ ገበሬ ሆኖ ተጫወተ። በ1983ም ከድምፅ ፍጥነት በላይ የበረረውን ቸክ የገርን ሆኖ በመጫወቱ ለኦስካር ሽልማት ታጨ። ሁለቱም ንግግራቸው ጥቂት፥ ሐሳባቸውን በሆዳቸው የሚይዙ ሰዎች ናቸው፤ ተመልካችም ዝምታቸውን ጀግንነት ብሎ ይቀበለዋል።

በ1979 የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘው «የተቀበረው ሕፃን» ግን ይህንኑ ዝምታ ይከሰዋል። ሽማግሌው ዶጅ ሕፃን ገድሏል፤ ሕፃኑም በጓሮ ተቀብሯል፤ ቤተ ሰቡም አፉን ዘግቶ ኖሯል። ብዙ ዘመን ካልተዘራበት ከዚያ ጓሮ ልጁ ቲልደን በቆሎ ታቅፎ ይገባል፤ በመጨረሻም የሕፃኑን ዐፅም ይዞ ይመጣል።

ይህ ጓሮ ለሆመቾ ሰው እንግዳ አይደለም። በእኛ ዘንድ እንሰት ከቤት አጠገብ ይተከላል፤ ቆጮውም በጉድጓድ ተቀብሮ ከበሰለ በኋላ ወጥቶ ቤተ ሰብን ይመግባል። እኛ የምንቀብረው ሊበላ ነው፤ በዶጅ ቤት የተቀበረው ግን እንዳይነገር ነው። መሬት ሁለቱንም ይመልሳል።

ሲኒማው ደራሲውን አበላሸው የሚል ቢኖር፥ በ1980 የቀረበውን «እውነተኛው ምዕራብ»ን ይመልከት። በዚያ ሁለት ወንድማማቾች በፊልም ድርሰት ምክንያት ይጣላሉ፤ ሼፓርድ የሚሠራበትን ሲኒማ ራሱን ለፍርድ አቅርቦታል። ነገር ግን በ1985 «የፍቅር ሞኝ» ወደ ፊልም ሲዛወር፥ ደራሲው ራሱ ዋናውን ሰው ቢጫወትም፥ በአንዲት ክፍል ውስጥ ታፍኖ የነበረው ጠብ ካሜራው ወደ ውጭ ሲወጣ ላልቷል። ይህን እንደ ጉድለት እንቈጥረዋለን።

በአገራችን ተስፋዬ ገሠሠ ጽፎም፥ አዘጋጅቶም፥ ተውኖም አሳይቶናል። እንግዲህ አንድ ሰው ሁለት ሙያ መያዙ ነውር አይደለም። ጥያቄው አንዱ ሙያ ሌላውን ይመረምረዋል ወይስ ይሸፍነዋል የሚለው ነው። ሼፓርድ በፊቱ ያስከበረውን ዝምታ በብዕሩ መርምሮታል። የተማሪዎች የቴያትር ክበባትም ከእርሱ የሚማሩት ይህን እንጂ ዝናውን አይደለም።