ወስፌና ስታይለስ

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሲነሣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1280/81 እ.ኤ.አ. ያስጻፉት ወንጌል አብሮ ይነሣል። የሚደነቀው ሥዕሉና ቀለሙ ነው። በብራና ሥራ ግን ከቀለም የሚቀድም ነገር አለ፤ ቁም ጸሐፊው የገጹን ዳርና ዳር በወስፌ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም ጭሮ ያሰምራል። መስመሩ በጣት ይዳሰሳል። ፊደሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውም እሱ ነው።

በስሌትና በስታይለስ፣ ማለትም በብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ የሚጽፍ ዓይነ ስውር ተማሪ የዚህ ሙያ ዘመድ ነው፤ እኩል አድናቆት ይገባዋል ባይ ነኝ። ወፍራም ወረቀት በስሌቱ መካከል ይገባል። ጸሐፊው ከቀኝ ወደ ግራ፣ እያንዳንዱን ፊደል አዙሮ ይወጋል፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቦቹ ተነሥተው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። እየጻፈ መልሶ ማንበብ ስለማይችል ዓረፍተ ነገሩን ወረቀቱ እስኪወጣ በልቡ ይዞት ይቆያል። እጁ ከላላ ነጥቡ አይነሣም፤ ከበረታ ወረቀቱ ይበሳል። የጥሩ ጸሐፊ ገጽ ከላይ እስከ ታች አንድ ከፍታ አለው። የተሳሳተ ነጥብ በጥፍር ቢዳመጥም ምልክቱ አይጠፋም።

ሉዊ ብሬል በ1824 እ.ኤ.አ.፣ ገና በ15 ዓመቱ ያበጀው ስድስት ነጥብ 63 ቅርጽ ብቻ ይሰጣል። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ስለዚህ የአማርኛ ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን ይለያል፤ አንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ምልክት ይወስዳል። መጽሐፉ ይወፍራል፤ ግን እንዴት ያማረ መፍትሔ ነው! ሕፃኑ ፊደሉ ከምን ከምን እንደተሠራ በጣቱ ያውቃል።

ብሬልን ለመማር ርቆ መሄድ ግድ የሆነባቸው ብዙ ናቸው። የደቡብ ወሎዋ፣ የሳይንቷ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ካጣች በኋላ የተማረችው ሻሸመኔ፣ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። ኋላ የሕግ ባለሙያ ሆነች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበለች።

አሁን የሚናገር ስልክና ኮምፒውተር አለ። መሰረዝ፣ አንቀጽ ማዛወር፣ ብሬል ለማያውቅ መምህር ጽሑፍን በቀጥታ መስጠት ተችሏል። ይህ ትልቅ ነጻነት ነው። ድምፁ ግን ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ አይለይም። «አለ» ይጥበቅ ይላላ ፊደሉ ስለማይነግረው ይገምታል። ሁለት ቃል ተጣብቆ ቢጻፍም ጆሮ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ጣት ግን ክፍተቱን ያጣዋል። ስልክ መጣ ተብሎ ብሬል ከክፍል መውጣት የለበትም የምለው ለዚህ ነው። ስሌት መብራትም ቻርጅም አይፈልግም፤ መብራት ባልገባበት የአምባሰል ቀበሌ ያለ ልጅ ዛሬውኑ ሊጽፍበት ይችላል፤ ስልኩም ሲደርሰው በሁለቱም ይጻፍ።