ጥሩ የታንክ ሞዴል በምን ይታወቃል?

ሞዴሎች በተደረደሩበት የውድድር ጠረጴዛ ዙሪያ ሰው የሚሰበሰበው ብዙ ነገር የተጨመረበት ታንክ ጋ ነው። የናስ ወንፊቱ፣ የተጠቀለለው ካቦ፣ ከኋላ የተጫነው በርሜልና ግንድ ዓይን ይስባል። ሠሪው ስንት ወር እንደደከመበት ሲሰማ ደግሞ አድናቆቱ በእጥፍ ያድጋል። ዳኛ ግን ድካምን አይመዝንም፤ የሚመዝነው ውጤቱን ነው። የተጨመረ ዕቃ ሁሉ ሦስት ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ለምን እዚህ ተቀመጠ? በምን ተያዘ? ውፍረቱስ እውነተኛውን ብረት ይመስላል? ሦስቱንም የሚመልስ አንድ እጀታ፣ አንዱንም ከማይመልሱ መቶ ቁርጥራጮች ይበልጣል።

ምሳሌ የማደርገው ቲ-55ን ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1958 ለሠራዊቷ የተቀበለችው ይህ ታንክ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ከኦጋዴን ጦርነት ወዲህ በየግንባሩ ታይቷል። ሞዴሉ በብዛት የሚሠራው በ1፡35 ነው። ይህን ልክ ያስለመደው የጃፓኑ ታሚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሞተር የሚሄድ የፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያዘጋጅ፣ ባትሪዎቹ ሆዱ ውስጥ እንዲገቡ ሲባል የተገኘ መጠን ነው።

ከሣጥኑ የሚወጣው ፕላስቲክ (ኪት) ብቻውን ጥሩ ሞዴል ይወጣዋል። ጠንቃቃ ሠሪ ግን ሁለት ዓይነት ነገር ይጨምርበታል። አንደኛው ሌሎች ድርጅቶች ለዚያው ሞዴል ለይተው የሚሸጡት ነው፦ በኬሚካል ተበልቶ የተቆረጠ ስስ የናስ ሉህ፣ የሬዚን ክፍሎች፣ በቶርኖ የወጣ የአሉሚኒየም አፈሙዝ፣ የብረት ሰንሰለት። ሁለተኛው ሠሪው ራሱ ከፕላስቲክ ሉህ፣ ከሽቦና ከስቱኮ የሚፈጥረው ነው። ዳኝነቱ የሚከብደው እነዚህ ሁሉ በአንድ ታንክ ላይ ሲገናኙ ነው።

በ35 ማባዛት

ዳኛ ማጉያ መነጽር ከማንሣቱ በፊት በ35 ማባዛት ይልመድ። በሞዴሉ ላይ 1 ሚሊሜትር የሆነ ነገር በእውነተኛው ታንክ ላይ 35 ሚሊሜትር ነው። የቲ-55 ፓራፋንጎ ግንድ ሲገጨው የሚጣመም ላሜራ ነው። የሞዴሉ ፓራፋንጎ ጠርዝ 1 ሚሊሜትር ከሆነ ግን ላሜራ መሆኑ ቀርቶ ጥይት የሚመልስ ብረት ሆኗል። ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ ፓራፋንጎውን በሙሉ በናስ መተካት ነው። ሌላው ፕላስቲኩን ከሥሩ በሞረድ እየበሉ፣ የሚታየው ጠርዝ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ማቅጠን ነው። ሁለተኛው ከትዕግሥት በቀር ወጪ የለውም፤ በንጽሕና ከተሠራ ከመጀመሪያው እኩል ነጥብ ይገባዋል።

ስሌቱ ለአፈሙዙም ይሠራል። የቲ-55 መድፍ 100 ሚሊሜትር ስለሆነ የሞዴሉ የአፈሙዝ ቀዳዳ 2.9 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከሁለት ግማሽ የተጣበቀ የፕላስቲክ አፈሙዝ ብዙ ጊዜ መጋጠሚያው ሲሞረድ ክብነቱን ያጣል፤ ብርሃን በቁመቱ ሲወርድበት ጎኑ ላይ ጠፍጣፋ መስመር ይታያል። በቶርኖ የወጣ አፈሙዝ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም አሉሚኒየሙ ቢያምርም፣ ጫፉ ላይ ያለው ወፈር ያለ የጭስ ማስወጫ ክፍል ለዚህ መድፍ የተሠራው ካልሆነ ገንዘቡ በከንቱ ወጥቷል።

የትኛው ቲ-55?

ታንክ በአንድ ስም ቢጠራም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከተለያየ ሣጥንና ከተለያየ ድርጅት የተሰበሰበ ዕቃ አንድ ላይ ሲመጣ ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው፤ ያንዱን ዓመት ቱሬት (መድፉ ያለበትን የሚሽከረከር ክፍል) ከሌላው ዓመት ቀፎ (የታንኩ አካል) ጋር መግጠም። ጥቂት ምልክቶች ያወቀ ዳኛ ይህን በቶሎ ይለያል።

ከቲ-55 ቀድሞ በመጣው ቲ-54 ቱሬት አናት ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ እንጉዳይ የሚመስል የአየር ማስገቢያ ክዳን አለ፤ በቲ-55 ላይ የለም። በቲ-55 የፊት ዘንበል ብረት መካከል ለቀፎው መትረየስ የተተወች ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በኋላ በመጣው ቲ-55ኤ መትረየሱ ስለቀረ ቀዳዳዋም ቀርታለች። በቲ-55ኤ የቱሬት ክዳኖች ዙሪያ ጨረር የሚከላከለው ሽፋን ጎላ ብሎ ይታያል። በቲ-54 ላይ የነበረው የ12.7 ሚሊሜትሩ ዲሽቃ መትረየስ በመጀመሪያዎቹ ቲ-55ዎች ላይ አልነበረም፤ የተመለሰው እ.ኤ.አ. ወደ 1970 ገደማ ነው።

ሰንሰለቱም የራሱ ቋንቋ አለው። የቀድሞውን ሰንሰለት የሚነዳው የኋላ መዘውር 13 ጥርስ ሲኖረው፣ በኋላ የመጣውን ጎማ የገባበት ሰንሰለት የሚነዳው ደግሞ 14 ጥርስ አለው። አዲስ የብረት ሰንሰለት ገዝቶ የኪቱን አሮጌ መዘውር የተወ ሠሪ፣ በእውነተኛው ዓለም አንድ ሜትር የማይሄድ ታንክ ሠርቷል። ይህ ከቀለም ጉድለት ይብሳል፤ ምክንያቱም ሠሪው ዕቃውን ሲገዛ ለምን እንደሚሠራ አለማሰቡን ያሳያል።

ከሩቅ ማየት

ዝርዝሩን ከመመርመራችሁ በፊት አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ አቋቋሙን እዩ። ይህ ታንክ 36 ቶን ይመዝናል፤ ሞዴሉም ክብደት ሊኖረው ይገባል። አምስቱም ጎማዎች መሬት ነክተዋል? ቲ-55 የላይኛውን ሰንሰለት የሚሸከሙ ትንንሽ ጎማዎች የሉትም፤ ስለዚህ ሰንሰለቱ ላልቶ በትልልቆቹ ጎማዎች ጀርባ ላይ ይተኛል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ያለው ክፍተት ከሌሎቹ ይሰፋል፤ እዚያ ዝቅታው ጎልቶ መታየት አለበት። የብረት ሰንሰለት በራሱ ክብደት ይህን ያደርጋል። በፕላስቲክ ያንኑ ቅርጽ ያመጣ ሠሪ አንዱን ማያያዣ ካንዱ እያስማማ አጣብቆታል ማለት ነውና ምስጋናው ይገባዋል። ሰንሰለቱ በአየር ላይ ተወጥሮ ከቀረ ግን ቱሬቱ ላይ የተደረገው ጥረት ሁሉ አያድነውም።

የተገዛውን ዕቃ መመርመር

የናስ ሉህ ለላሜራ፣ ለወንፊትና ለማሰሪያ የሚወዳደረው የለም። ድክመቱ ጠፍጣፋነቱ ነው። በቱሬቱ ጎን ወታደሮች የሚጨብጧቸው ዘንጎች ድቡልቡል ብረት ናቸው፤ ከናስ ሉህ ተቆርጠው ከተለጠፉ ከፊት ጥሩ ይመስሉና ከጎን ሲታዩ ይጠፋሉ። አስተዋይ ሠሪ ከሉሁ የሚጠቅመውን ወስዶ ዘንጉን በሽቦ ይተካዋል። ናስ የታጠፈበትን ማዕዘንም እዩ፤ ስለት የያዘና ቀጥ ያለ መሆን አለበት። በስታኞ የተያያዘ ከሆነ መጋጠሚያው ንጹሕ ነው፤ በሱፐር ግሉ ሲሆን ግን ከቀለሙ ሥር የሚያብለጨልጭ እብጠት ትቶ ይታያል።

ሬዚን ጥቃቅን የአየር አረፋ ይይዛል፤ ከተቆረጠበት ግንድ ጋር የነበረው ፊቱም ካልተስተካከለ ያዘነብላል። በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ የወጣ ዕቃ ደግሞ የንብርብር መስመር ይተዋል፤ ጠርዝ ላይ ብርሃን አንሸራታችሁ ፈልጉት። እነዚህ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀትና በጊዜ የሚጠፉ ናቸው። ከጠፉ ሠሪው ዕቃውን የራሱ አድርጎታል፤ ካልጠፉ ግን ሥራው ከመለጠፍ አላለፈም።

የሠሪው እጅ የሚታይበት ቦታ

በገንዘብ የማይገኘው ክህሎት የሚለየው ሠሪው ራሱ በፈጠረው ነገር ነው። ለዚህ የቲ-55 የቀኝ ፓራፋንጎ ጥሩ መፈተኛ ነው። በዚያ ላይ ጠፍጣፋ የነዳጅ ታንከሮች ይደረደራሉ፤ ነዳጁ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በቀጭን ቱቦ ነው። ብዙ ኪቶች ታንከሮቹን ሰጥተው ቱቦውን ይተዉታል። ጥሩ ሠሪ ከስስ የመዳብ ሽቦ ያወጣዋል።

አሁን ጠጋ ብላችሁ ቱቦውን ተከተሉ። ከታንከሩ ሲወጣ ጫፉ ላይ ማጥበቂያ ዳዶ አለው? የሚታጠፈው ለስለስ ብሎ ነው ወይስ እንደተሰበረ ሽቦ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቷል? በፓራፋንጎው ላይ ሲሄድ የሚይዘው ማሰሪያ አለ? በመጨረሻስ የት ይገባል? ቱቦው መጀመሪያና መጨረሻ ካለው ሠሪው የእውነተኛውን ታንክ ፎቶ አጥንቷል። በአየር ላይ ካለቀ ግን ያስገባው ለማስጌጥ ነው። ለፊት መብራቶቹ የሚሄደው የኤሌክትሪክ መስመርም በዚሁ መንገድ ይፈተናል።

ብየዳም እንዲሁ። የታንኩ ብረቶች በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ባለሙያ የበየደው መስመር አለ፤ ኪት ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ስንጥቅ ብቻ ይሰጣል። ሠሪዎች ፕላስቲክ በእሳት ለስልሶ ሲሳብ የሚወጣውን ክር ስንጥቁ ላይ አስተኝተው፣ በሙጫ አለስልሰው፣ በስለት ጫፍ ደጋግመው በመጫን የብየዳውን ሞገድ ያወጣሉ። ጥሩው ብየዳ ሞገዱ ይለያያል፤ አንድ ቦታ ይሰፋል፣ ሌላ ቦታ ይጠባል። ነገር ግን ከብረቱ ገጽ ብዙ አይወጣም፤ ግማሽ ሚሊሜትር ከፍ ያለ ብየዳ በእውነተኛው ታንክ ላይ ከ17 ሚሊሜትር በላይ ነው።

የቱሬቱ ቆዳም ፈተና ነው። ቱሬቱ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ሻካራ ነው፤ አናቱ ግን ተበይደው የተያያዙ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸውና ለስላሳ ነው። ሁሉንም እኩል ያሻከረ ሠሪ ልዩነቱን አላየም። ጎኑን በፈሳሽ ስቱኮ አሻክሮ አናቱን ለስላሳ የተወ፣ በመካከላቸውም የብየዳውን መስመር ያሳየ ሠሪ ግን ታንኩ በፋብሪካ እንዴት እንደተሠራ ተረድቷል።

ሚዛን

አንዱ ክፍል ሀብታም ሌላው ድሃ የሆነ ሞዴል ዓይን ያደክማል። ቱሬቱ ላይ እያንዳንዷ ቡሎን ወጥታ፣ ከኋላ ያሉት የነዳጅ በርሜሎች በወፍራም የፕላስቲክ ቀበቶ ታስረው ከቀሩ፣ ሠሪው መሐል መንገድ ላይ ሰልችቶታል። በዝርዝሩ መካከለኛ የሆነ ግን ከፊት እስከ ኋላ እኩል የተሠራ ሞዴል ይበልጠዋል።

ጉዳትም ምክንያት ይጠይቃል። የተጣመመ ፓራፋንጎ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ነገር ግን ፓራፋንጎው ሲጣመም በላዩ ያለው ሣጥንና ቱቦም አብሮት ይጣመማል። ከሥሩ የሚደግፈው ብረት ቀጥ ብሎ ላሜራው ብቻ ከተጨማደደ አደጋው የውሸት ነው።

ቀለም ከተቀባ በኋላ የመጨረሻው ሙከራ ቀላል ነው፦ ናሱ የቱ፣ ሬዚኑ የቱ፣ ሽቦው የቱ እንደሆነ መለየት ካቃታችሁ ሠሪው ተሳክቶለታል። ብዙ ሠሪዎች ቀለም ያልነካውን ሞዴል ፎቶ አጠገቡ ያስቀምጣሉ፤ እሱን መመልከት ያለባችሁ የተቀባውን ከፈረዳችሁ በኋላ ይሁን።

የእኛ ታንክ ከሆነ

አንድ ሠሪ ሞዴሉን «የኢትዮጵያ ቲ-55» ብሎ ካቀረበ ዳኝነቱ አንድ ደረጃ ይከብዳል። ባንዲራ መለጠፍ ብቻ በቂ አይደለም፤ የትኛው ዓይነት ታንክ፣ በየትኛው ዘመን፣ ከነምን ዕቃው የሚል ማስረጃ ያስፈልገዋል። ከአሥመራ ወጣ ብሎ ያለው የታንክ መቃብር ፎቶዎች ለዚህ ትልቅ ትምህርት ቤት ናቸው፤ የተቀደደው ላሜራ ምን ያህል ስስ እንደሆነ፣ ማሰሪያዎች ከየት እንደሚነቀሉ በግልጽ ይታያል። እንዲህ ያለ ሞዴል የሚያስታውሰው የሞቱበትን ሰዎች ጭምር ነው፤ ትክክለኛነቱ ለእነሱም አክብሮት ነው።

ፍርዱን መስጠት

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ አቋቋሙና የመጋጠሚያዎቹ ንጽሕና፣ ቀጥሎ የዓይነቱ ትክክለኛነት፣ ከዚያ ውፍረት፣ ከዚያ አያያዝ፣ በመጨረሻ የተጨመረው ብዛት። ክፍተት ያልተሞላበት ቀፎ ላይ የተለጠፈ ናስ ነጥብ አያስገኝም። ክዳኑ ተዘግቶ የማይታይ የውስጥ ክፍል ለሠሪው ደስታ ነው እንጂ ለዳኛ ጉዳይ አይደለም።

በዓለም ሁለት ዓይነት ዳኝነት አለ። አንዱ ሞዴሎችን እርስ በርስ አወዳድሮ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይላል። ሌላው፣ ለምሳሌ በአሜሪካ የተመሠረተው የብረት ለበስ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር አምፕስ የሚከተለው፣ እያንዳንዱን ሞዴል ከተቀመጠ መለኪያ ጋር ያስተያያል፤ ለወርቅ የደረሰ ሁሉ ወርቅ ያገኛል። በዝርዝር ለተሠራ ታንክ የሚሻለው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ዳኛው ለሠሪው ምክንያቱን እንዲነግር ያስገድደዋልና። «ቆንጆ ነው» ያለ ዳኛ ምንም አላስተማረም። «የቀኝ ፓራፋንጎህ ቱቦ ማሰሪያ ይጎድለዋል፤ የብየዳህ መስመርም ከፍታው እጥፍ ሆኗል» ያለ ዳኛ ግን የሚቀጥለውን ታንክ አሻሽሏል።