የአሥር ሳንቲሙ አጋዘን
ሥዕል፣ ንድፍና የተፈጥሮ ሳይንስ በባሌ ደጋ

ሠዓሊ አንድን እንስሳ ሲሥል የሚያሳየውን ብቻ ሳይሆን የሚተወውንም ይመርጣል። የሥነ ጥበብ ሒስ አዘውትሮ የሚመረምረው የሚታየውን ነው፤ የመስመሩን ጥራት፣ የቀለሙን ስምምነት፣ የመልኩን መመሳሰል። የባሌ ደጋ የሚያነሣብን የተፈጥሮ አጠባበቅ ጥያቄ ግን የሚገኘው ሥዕሉ በተወው ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ትኩረታችን ወደዚያ ይሆናል።

በ1969 ዓ.ም. የተቀረጸው አሥር ሳንቲም የደጋ አጋዘንን ምስል ተሸክሞ በአገሪቱ ሁሉ ተዘዋውሯል። የእንስሳው ምስል በሲጋራ ፓኮና በንግድ ዓርማም ላይ ታትሟል። ከንድፍ ሙያ አንጻር ምርጫው የሚነቀፍ አይደለም፤ ጠምዘዝ እያለ ወደ ላይ የሚወጣው ቀንድ በትንሽ ብረት ላይ እንኳ ተለይቶ የሚታወቅ መስመር ነው። ሆኖም ያንን ሳንቲም እየቆጠረ ያደገ ሰው፣ አጋዘኑ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ የትም እንደማይገኝ፣ ዋነኛ መጠጊያውም የባሌ ተራሮች መሆናቸውን ከሳንቲሙ ሊማር አልቻለም። ምስሉ በኪሳችን ሲኖር መሬቱ ከአእምሯችን ውጭ ቀረ።

ሳይንስም ሲጀምር ከዚህ ጉድለት ነፃ አልነበረም። አይቨር በክስተን የተባለው እንግሊዛዊ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1908 የገደለውን እንስሳ መነሻ አድርጎ፣ የሥነ እንስሳት ሊቁ ሪቻርድ ላይደከር በ1910 ዝርያውን ለዓለም አስተዋወቀ፤ ሳይንሳዊ መጠሪያውም በአዳኙ ስም ወጣለት። ለሊቃውንቱ የቀረበው የእንስሳው አካል እንጂ የሚግጠው ሣርና የሚጠለልበት ጫካ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሳይንስ ከዚያ ወዲህ ከቀንዱ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩም ወደ አፈሩና ወደ ውኃው ወርዷል። ሥዕላችን ግን ገና አልወረደም።

ለዚህ አባባል ማስረጃ የሚሆነው ቀይ ቀበሮ ነው። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች በግምት 500 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መኖሪያቸው የባሌ ደጋ ነው። በሆቴል ግድግዳና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምናየው ቀበሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የቆመ፣ ከሥሩ ምንም የሌለው ነው። የሳይንስ ባለሙያው እንደሚነግረን፣ የቀበሮው ረጅምና ቀጭን አፍ፣ ተራርቀው የበቀሉትም ትንንሽ ጥርሶቹ ከመሬት ውስጥ አይጥና ፍልፈል ለመያዝ የተስማሙ ናቸው። ዋነኛ ምግቡ የሆነው ግዙፉ ፍልፈል ደግሞ ከባሌ በቀር የትም አይገኝም። ስለዚህ ሠዓሊው አፉን ቢያሳጥረው ቀበሮው ውሻ ይሆንበታል፤ ፍልፈሉን ቢተወው ደግሞ አፉ ለምን እንደረዘመ ተመልካቹ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ቅርጽና ይዘት አይነጣጠሉም የምንለው በእንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው።

ከሥዕሉ የቀረው ሌላው ነገር ውሻው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች እየተላለፈ የባሌን ቀበሮዎች ፈጅቷል። ከብቱን ከጅብ ለመጠበቅ ውሻ ያስከተለ እረኛ በዚህ የሚወቀስ አይደለም። ነገር ግን ያማረ ቀበሮ ሥሎ «ብርቅዬ እንስሳችንን እንጠብቅ» ብሎ የሚጽፍ ፖስተር ለዚህ እረኛ ምን ይነግረዋል? ሊታወቅ የሚገባው፣ ውሻውን ማስከተብ ልጁንም፣ ከብቱንም፣ ቀበሮውንም በአንድነት የሚያድን መሆኑ ነው። እረኛው፣ ውሻውና ቀበሮው በአንድ ሥዕል ውስጥ መግባት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በባሌ ለቀበሮዎች በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ ክትባት መጀመሩን ስናስብ፣ የእንስሳውን ጠባይ አጥንቶ መሣሪያን ለዓላማው ማስማማት ምን ያህል የንድፍ ሥራ እንደሆነ እንረዳለን።

የሦስቱ ሙያዎች ትስስር ለዚህ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። በባሌ ደጋ ፊንጫ ሀበራ በተባለው የዋሻ ጥላ ሥር በተካሄደ ቁፋሮ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች በቦታው ይኖሩ እንደነበር፣ ግዙፉንም ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አስረድቷል። ለስለት መሣሪያቸው የሚሆነውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚያመጡት ከዚያ ከፍ ካለው ቦታ ነበር። ድንጋዩ እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ ፍልፈሉ የት እንደሚገኝ፣ በዚያ ብርድ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ በእነርሱ ዘንድ የአንድ እጅና የአንድ አእምሮ ሥራ ነበር።

ሠዓሊው የሳይንስ ሠንጠረዥ ገልባጭ ይሁን ማለታችን ነውን? አይደለም። እንዲህ ያለው ፍርሃት መልስ ያገኘው በአዲስ አበባ ነው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚሰበስባቸውን የተጣሉ ሽቦዎችና የኮምፒዩተር ክፍሎች አቀናጅቶ የሚሠራቸው ሰፋፊ ሥራዎች ስለ ቆሻሻ አይሰብኩም፤ ቆሻሻው ራሱ ቀለምና መስመር ሆኖ ይታያል። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው የዞማ ሙዚየምም በጭቃና በጭድ የመገንባትን የቆየ ጥበብ ወደ ዛሬ ኪነ ሕንፃ አምጥቷል። በሁለቱም ሥራዎች ዕውቀቱ በቁሱ ውስጥ ስለገባ ውበቱን አልቀነሰውም።

በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ክብሩ ብዙ ሥዕልና ብዙ ፖስተር ይጋብዛል። ሥራው ግን እንደ ሳንቲሙ ምስሉን ብቻ ይዞ መሬቱን የሚተው ከሆነ፣ የዌብ፣ የወልመልና የዱማል ወንዞች ከዚህ ደጋ ተነሥተው የሩቁን ቆላ ሕዝብ እንደሚያጠጡ፣ ከብት ወደ ደጋ የሚያወጣው አርብቶ አደርም የዚሁ ሥዕል አካል እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ በጎባና በሮቤ የሚገኙ የሥዕልና የሥነ ሕይወት መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው በአንድነት ወደ ሳነቴ ቢወጡ መልካም ነው። የመጀመሪያው የሥዕል ልምምድም የአጋዘኑ ቀንድ ሳይሆን የፍልፈሉ ጉድጓድ ይሁን።