«ቢጊን» ብሎ መጀመር

ዳታቤዝ ላይ ምንም ከመንካት በፊት «ቢጊን» ብሎ ትራንዛክሽን መክፈትን የመሰለ መልካም ልማድ አላውቅም። ከዚያ በኋላ የምንጽፈው ማሻሻያም ሆነ ስረዛ «ኮሚት» እስክንል አይጸናም፤ «ሮልባክ» ካልን እንዳልነበረ ይሆናል። ትእዛዙ ሲያበቃ ስንት ረድፍ እንደነካ ይነግረናል። 3 ጠብቀን 40,000 ካየን ማጣሪያው ተሳስቷል ማለት ነው፤ ግን ገና ምንም አልጠፋም።

ፖስትግሬስኪውኤል ከዚህም ያልፋል፦ ሠንጠረዥ ማጥፋትን፣ ዓምድ መጨመርን እንኳ መመለስ ያስችላል። በማይኤስኪውኤልና በኦራክል እንዲህ ያለው ትእዛዝ የተጀመረውን ሥራ ራሱ ያጸናዋል፤ በሮልባክ መመለስ አይቻልም። እኔን ይህ ልዩነት ብቻውን ፖስትግሬስን ያስመርጠኛል። በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ አሥር ለውጥ የያዘ ስክሪፕት ሰባተኛው ላይ ቢሰናከል፣ ዳታቤዙ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ አይቀርም። ሌሊት ሥራ ለሚያሻሽል ባለሙያ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ለትራንዛክሽን ሐሳብ መሠረት ከጣሉት አንዱ ጂም ግሬይ በ1998 እ.ኤ.አ. የቱሪንግ ሽልማት አግኝተዋል፤ ሲገባቸውም ነው።

ብቻ ትራንዛክሽን ከፍቶ ምሳ መሄድ አይገባም፤ የቆለፋቸውን ረድፎች ስለማይለቅ እነሱን ማሻሻል የሚፈልግ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።