ከቆርቆሮ በታች የተቀረጸ ጊታር

አንድ ተማሪ የታወቀ ዘፈን ቤቱ ቁጭ ብሎ በጊታር ሠርቶ ሲልክልኝ፣ መጀመሪያ የማዳምጠው ጣቱን ሳይሆን ጣቱ ሲያርፍ የሚመጣውን ጸጥታ ነው። ሚዛን ተፈሪ፣ ሸኮ ወይም ቴፒ ላደገ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም። አገሩ ዝናባም ነው፤ ቤቱ ደግሞ ቆርቆሮ የለበሰ። ዶፉ ሲወርድ አጠገብ ያለ ሰው ሲናገር እንኳ አይሰማም፣ ጊታርማ ከየት ተሰምቶ! በዚህ አካባቢ ቤቱ የሚቀርጽ ሁሉ ከሰማዩ ጋር ተደራድሮ ነው የሚቀርጸው። እኔም የሙዚቃ ተማሪ ነኝና ድርድሩን አውቀዋለሁ፤ የሌላውን ሥራ ስመዝንም ከዚያው እጀምራለሁ።

ጠጋ ብለው ይስሙ። አብዛኞቹ የስልክ መቅረጫዎች ድምፅ ሲያንስ በራሳቸው ከፍ ያደርጉታል፣ ሲበዛ ይቀንሱታል። ተጫዋቹ ክሩን ሲመታ የውጭው ካፊያ ድምፅ ይጠፋል፤ የክሩ ድምፅ እየሞተ ሲሄድ ካፊያው ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ ቀጣዩ ምት ሲመጣ ደግሞ ጭልጥ ብሎ ይሰወራል። አንዴ ልብ ካሉት በኋላ ሌላ ነገር መስማት ያስቸግራል። ነገሩ የገባው ተማሪ ይህን ማስተካከያ ያጠፋዋል፤ ኃይለኛው ምት ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ላይ እንዲያርፍ አድርጎም ይቀርጻል። ያልገባው በሪቨርብ፣ በሰው ሠራሽ ማሚቶ፣ ሊሸፍነው ይሞክራል። ሪቨርብ ያለ ልክ የሚያፈስ ሰው አንድ የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ ነው የምጠረጥረው፤ እስካሁን ጥርጣሬዬ ብዙም አላሳፈረኝም።

ዝናቡ ሌላም ነገር ያጋልጣል። ከስንኙ መሐል ካፊያው በድንገት ከተቆረጠ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ቅጂዎች ተቀጥለዋል ማለት ነው። መቀጠል ኃጢአት አይደለም፤ ስቱዲዮ የሚሠሩትም ሲቀጥሉ ነው የሚውሉት። የሚቀጥለው ሰው ግን ከኋላ ያለውን የዝናብ ድምፅም አብሮ መቀጠል እንዳለበት ካላወቀ ጆሮው ገና ነው።

ግን ጸጥታ ማለት ባዶነት አይደለም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ ፒያኖ እየተጫወቱና እያዜሙ በካሴት የቀረጿቸው ዘፈኖች እ.ኤ.አ. በ2024 «ሱቨኒርስ» በሚል አልበም ወጥተዋል። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ሲንጫጩ ይሰማል። ማንም አድማጭ ወፎቹ ይውጡልኝ አይልም፣ ምክንያቱም ከዜማው በታች ናቸው፤ አይሻሙትም። የኛ አገር ቤት ቀረጻም መለኪያው እዚህ ላይ ነው። ዶሮ ጮኸ፣ ጎረቤት ቡና ወቀጠ፣ ባጃጅ አለፈ ተብሎ ሥራ አይጣልም። የሚጣለው ጆሮ ከዜማው ተነጥቆ ወደዚያ ሲሄድ ነው።

ስለ ማይክ አቀማመጥ ብዙ አልልም። ቦክስ ጊታር ከቀዳዳው ፊት ለፊት ከተቀረጸ ወፍራም ክሮቹ ጉም ጉም እያሉ ቀጭኖቹን ይውጧቸዋል፤ ወደ 12ኛው ፍሬት አዙሮ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያራቀ ሰው ክሩንም እንጨቱንም ያገኛል። ግድግዳ ላይ ጋቢ መስቀል ቀጭኑን ማሚቶ ያጠፋል፣ የክፍሉን ጥግ ወፍራም ጉምጉምታ ግን አይነካውም። የኛ አገር እርጥበት ክሩን ቶሎ ያዝገዋል። የዛገ ክር ባዶውን ሲመታ የተቃኘ ይመስላል፤ ወደ ላይኛው ፍሬት ሲወጡ ነው ውሸቱ የሚታወቀው። ከመጀመሪያው ስንኝ ይልቅ አዝማቹ ከፍ የሚልበትን ቦታ ይስሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጊታር አምስት ድምፅ ብቻ ባለው ቅኝት ላይ ሲቀመጥ ምን ያደርጋል? ከዶ ብንነሣ ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ የለም፤ ሲም የለም። ጀማሪ ጊታር ተጫዋች ደግሞ ከዶ ሲነሣ የሚይዛቸው ሦስት መሠረታዊ ኮርዶች ዶ፣ ፋ እና ሶል ናቸው። የፋ ኮርድ ፋን ይዞ ይገባል፤ የሶል ኮርድ ሲን ይዞ ይገባል። ዘፈኑ በአንዴ ይጣፍጥና ትዝታነቱን ይተዋል። ብዙ ሰው «ምን አጠፋሁ? ኮርዱ ትክክል ነው» ይላል። ኮርዱ ትክክል ነው፤ የገባበት ቤት ነው የተሳሳተው።

አምባሰል ላይ ፈተናው ይከብዳል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ሚ በምንም መልኩ ስለሌለ ዶ ሜጀርም ሆነ ዶ ማይነር ቦታ የላቸውም፤ ተጫዋቹ ከሁለቱ አንዱን ከመታ ዘፈኑን በእጁ እንጂ በጆሮው አልተማረውም። የሚያዋጣው ፋ ማይነር ነው፣ ወይም ሬ ፍላት ሜጀር፣ ወይም ዶንና ሶልን ብቻ ክፍት አድርጎ መተው። አንቺ ሆዬ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ስለሆነ ሶል ራሱ የለም። ሮክ የለመደ እጅ ምንም አይነካም ብሎ የሚተማመንበት የዶና የሶል ጥንድ እንኳ እዚህ ያጋጫል። አንቺ ሆዬን በጊታር ልሥራ ብሎ የተነሣ ተማሪ ኮርድ የሚባለውን ትቶ አንዱን ወፍራም ክር ብቻ ሲያስተጋባ ከሰማሁ፣ ሌላውን ሳልሰማ ግማሽ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ይህ ማለት ከቅኝቱ መውጣት ክልክል ነው ማለት አይደለም። የጅማው ልጅ ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን የሠሩት አምስቱን ድምፅ ከአሥራ ሁለቱ ጋር በማጋባት ነው። ልዩነቱ ያስታውቃል። አውቆ የወጣ ሰው ይደግመዋል፣ ከወጣበትም በዜማው በር ይመለሳል። ሳያውቅ የወጣው አንዴ ይስትና በሚቀጥለው ዙር ሌላ ነገር ይመታል።

ከዚያ ቀኝ እጁን አዳምጣለሁ። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ መሰማት የሌለባቸውን ክሮች ያፍናሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምት ጋር ደረቅ፣ የታፈነ ድምፅ አብሮ ይወጣል። ይህን ወደ ጊታር ያመጣ ተማሪ ከበሮ ሳይኖረው ዘፈኑ ያስጨፍራል። ያላመጣው የከበሮ ድምፅ ከአፕ አውርዶ ይለጥፋል። አብዛኞቹ አፖች ሲከፈቱ በአራት ምት፣ በደቂቃ 120 ላይ ስለሚጠብቁን፣ ስድስት ስምንተኛው የቺክቺካ ምት እዚያ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሽባ ይሆናል። ትከሻዎ ካልተንቀሳቀሰ የአፑን ምት ቆጣሪ ይጠርጥሩ።

የግራ እጅ ሥራ ከጉሮሮ ጋር ነው። የጊታር ድምፅ ተመትቶ ወዲያው መክሰም ይጀምራል፤ ዘፋኝ ግን የስንኙን መጨረሻ ይዞ ያወዛውዘዋል፣ ይሰብረዋል፣ ይመልሰዋል። ደካማ ተጫዋች በየስንኙ መጨረሻ ያንኑ ቪብራቶ ያደርጋል፣ እንደ ማኅተም። ጎበዙ አንዱን ስንኝ በትንሿ ጣት ከላይ አንዴ ነክቶ ይለቃል፣ ሌላውን ከታች እየጎተተ ያመጣዋል፣ ሦስተኛውን ዝም ብሎ ይተወዋል። ዋናውን ቅጂ ከፍተው እዚያው ቦታ ላይ ዘፋኙ ምን እንዳደረገ ያነጻጽሩ።

የሚተወውን ማወቅም አለ። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው «ኧረ መላ መላ» ቤዝ አለው፣ ሳክስፎን አለው፣ የሰላም ሥዩም ጊታር አለው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማሕሙድ ድምፅ አለ። አንድ ጊታር ይዞ ይህን ሁሉ ልሸከም የሚል ይወድቃል። በብዙ ትራክ ራሱን በራሱ ላይ የሚደርብም ሌላ ፈተና አለበት። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ሲንተሳይዘሩንም ብቻቸውን ተጫውተው ካሴት ሠርተዋል፤ አኮርዲዮኑ ግን ከሌላ ሰው ጋር እንደሚጫወት ሁሉ ይጠብቃል፣ ይመልሳል። ብዙዎቻችን ስንደርብ ግን ሁሉም ትራክ እኩል ያወራል፤ የሚያዳምጥ የለም።

ለመፍረድ አይቸኩሉ። ቡና ቀማሽ ስኒውን በትኩሱ ቀምሶ አይበቃውም፤ ሲበርድ ይመለስበታል፣ ትኩሱ የደበቀውን ጉድለት እዚያ ያገኛል። ቅጂውንም በማግስቱ፣ ከኢርፎን ውጭ፣ በትንሽ ስፒከር ይስሙት።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ደጋው ቅኝት ነው፤ እዚህ ሚዛን አካባቢ ግን ሌላ መለኪያ አለ። ቤንችኛ በድምፅ ከፍታ ቃልን ከቃል የሚለይ ቋንቋ ነው፤ አምስት ደረጃዎች አሉት፣ አንድ ወደ ላይ የሚወጣም ይጨመርበታል። ክላውስ ቬዴኪንድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ስድስት ድምፅ ያለው ቋንቋ ያሉት ለዚህ ነው። ሸኮኛም አራት ደረጃዎች አሉት። ቤንቾች በፉጨት ከሩቅ ይነጋገራሉ፤ በአምስት ክር ክራርም ቃል ማስተላለፍ ይቻላል። በዚህ አገር ክር ይናገራል ሲባል ማጋነን አይደለም።

እንግዲህ አንድ የሚዛን ልጅ የቤንች ዘፈን በጊታር፣ ያለ ዘፋኝ፣ ዜማውን ብቻ ሠራ እንበል። ኮርዱ እንዲያምርለት አንዱን ድምፅ ግማሽ ደረጃ ከፍ አደረገ። አዲስ አበባ ያለው መምህር ላይሰማው ይችላል። ዜማ ቃሉን ሁልጊዜ ደረጃ በደረጃ ይከተላል ባይባልም፣ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ግን ነገሩን ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ የዘፈኑን ስም ሳይናገሩ ቋንቋው አፍ መፍቻቸው ለሆነ ሽማግሌ ወይም ለአያት ማሰማት ነው። «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው የሚለው?» ብሎ መጠየቅ። ግጥሙን ከጀመሩለት ሥራው አለፈ። «ደስ ይላል ልጄ፣ በርታ» ካሉት ወድቋል፤ ያውም በጨዋ ቋንቋ።

በመጨረሻ ከቅጂው ሥር የተጻፈውን አነባለሁ። የድሮ ካሴቶቻችን ሽፋን ላይ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ ይጻፍ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለደራሲው መብት ሰጥቷል። የዘፋኙን ስም ብቻ ጽፎ ዜማ ደራሲውን የዘለለ ተማሪ ዘፈኑ ከየት እንደመጣ አልጠየቀም ማለት ነው፤ ሳይጠይቅ የሠራው ደግሞ አጨዋወቱ ላይ ይታወቃል። ባለቤቱ የማይታወቅ ዜማ ሲሆን «የባህል ዘፈን» ብሎ ማለፍ አይበቃኝም። የሸኮ ነው፣ የቤንች ነው ወይስ የዲዚ? በየትኛው ቀበሌ፣ በሠርግ ነው በሥራ ላይ የሰማኸው? ይህን የጻፈ ሰው ቅጂ ዝናብ ቢኖርበትም እስከ መጨረሻው አዳምጠዋለሁ።